ፈረንሳይኛን በአነስተኛ በጀት መማር፦ ክፍል፣ አስጠኚ፣ ስልክ ወይስ የጥናት ቡድን?

አዲስ አበባ ውስጥ ፈረንሳይኛ ለመማር የሚያነሳሱ ምክንያቶች ጥቂት አይደሉም። የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት እዚሁ ከተማ ነው፤ ፈረንሳይኛም ከኅብረቱ የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ነው። የአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ በአብዛኛው የሚያልፍባት ጅቡቲ ፈረንሳይኛን ከዓረብኛ ጋር በመንግሥት ቋንቋነት ትጠቀማለች። ካናዳም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በፈረንሳይኛ ችሎታቸው የተመረጡ የቋሚ ነዋሪነት አመልካቾችን በተለየ ምድብ መጥራት ከጀመረች ወዲህ፣ እንግሊዝኛቸውን ያዳበሩ ብዙ ወጣቶች ፊታቸውን ወደዚህ ቋንቋ አዙረዋል። ይሁንና ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከቀለብ ብዙም ለማይተርፍ ሰው የቋንቋ ትምህርት ክፍያ ከባድ ነው፤ ስለዚህ የትኛውን አማራጭ እንደሚመርጥና ያለችውን ገንዘብ በየትኛው ጊዜ እንደሚያወጣ በጥንቃቄ ማሰብ ይኖርበታል።

ይህ ጽሑፍ የሚሟገትለት አንድ ሐሳብ አለ። ቋንቋ ለመማር የሚያስፈልጉት ነገሮች የሰዋስው ማብራሪያ፣ የሚደመጥና የሚነበብ ነገር፣ የማያቋርጥ ልምምድ እና እርማት ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ማብራሪያውና የሚደመጠው ዛሬ በነፃ ሞልቶ ተርፏል፤ ልምምዱ በተማሪው ጽናት የሚወሰን ነው፤ በነፃ በቀላሉ የማይገኘው እርማት ብቻ ነው። በመሆኑም ኪሱ ያልሞላ ተማሪ ገንዘቡን ማፍሰስ ያለበት አጠራሩን የሚያስተካክልለትና ጽሑፉን ቀይ ብዕር ይዞ የሚያይለት ሰው ላይ ነው እላለሁ። አማራጮቹንም የማነጻጽረው በዚሁ ሚዛን ነው።

ከሁሉ በፊት ሰዓቱን ማስላት

የአውሮፓ የቋንቋ መለኪያ ደረጃዎች ከኤ1 ጀምረው ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2 እያሉ ይወጣሉ። በተለምዶ የሚሰጠው ግምት ጀማሪ ተማሪ ኤ1ን ለመጨረስ ከ60 እስከ 100 ሰዓት፣ ኤ2 ለመድረስ በድምሩ ከ160 እስከ 200፣ ለቢ1 ከ360 እስከ 400፣ ለቢ2 ደግሞ ከ560 እስከ 650 ሰዓት የሚጠጋ ትምህርት እንደሚያስፈልገው ነው። በቀን አንድ ሰዓት ሳያጓድል የሚማር ሰው ቢ1 አካባቢ የሚደርሰው በአንድ ዓመት፣ ቢ2 የሚደርሰውም በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው ማለት ነው። «በሦስት ወር ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው ይናገሩ» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ይህን ስሌት ቢያስታውስ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

የሚፈለገው ደረጃ እንደ ዓላማው ይለያያል። በሆቴል እንግዳ ለመቀበል ወይም ጅቡቲ ወርዶ ዕቃ ለማስለቀቅ ጥሩ ኤ2 ብዙ ያግዛል። ለካናዳው የፈረንሳይኛ ምድብ ግን በማዳመጥ፣ በማንበብ፣ በመጻፍና በመናገር፣ በአራቱም፣ የካናዳን መለኪያ ደረጃ 7 ማምጣት ያስፈልጋል፤ ይህም ወደ ቢ2 የሚጠጋ ነው። አንዱ ክህሎት ቢጎድል የሌሎቹ መብለጥ አያካክሰውም። ስለዚህ ለካናዳ የሚዘጋጅ ሰው በጀቱን ለሁለት ዓመት፣ ለሥራ መግባቢያ የሚፈልገው ደግሞ ለስድስት ወይም ለስምንት ወር ማቀድ አለበት።

በነፃ የሚገኘው፣ እና እስከ የት እንደሚያደርስ

ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለው ነፃ ምንጭ ቲቪ5 ሞንድ የተባለው የፈረንሳይኛ ቴሌቪዥን ጣቢያ የመማሪያ ገጽ ነው። ከኤ1 እስከ ቢ2 በየደረጃው የተከፋፈሉ አጫጭር ቪዲዮዎች አሉት፤ ከእያንዳንዱ ጋር ወዲያው የሚታረሙ መልመጃዎች ይቀርባሉ። ደካማ ጎኑ ቪዲዮው ዳታ መብላቱ ነው። በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት ጥራት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፅ 29 ሜጋባይት ገደማ ሲወስድ፣ በመካከለኛ ጥራት የሚታይ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ብዙ ጊዜ የዚያን አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይፈጃል። በተንቀሳቃሽ ስልክ ጥቅል ብቻ ለሚጠቀም ተማሪ ይህ ልዩነት በወሩ መጨረሻ የሚሰማ ነው። አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን በመሰለ ዋይፋይ ባለበት ቦታ የሳምንቱን ድምፅ አውርዶ መያዝና ቤት ሲገቡ ያለ ኢንተርኔት ማዳመጥ ወጪውን እጅግ ይቀንሰዋል።

ላንጉጅ ትራንስፈር የተባለው የድምፅ ትምህርት ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፤ ስልክ ላይ ማውረድም ይቻላል። አስተማሪው ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚገነባ በእንግሊዝኛ እያስረዳ ይጠይቃል፤ አድማጩም ድምፁን አቁሞ ጮክ ብሎ ይመልሳል። እንግሊዝኛው ጥሩ ለሆነ ሰው የመጀመሪያውን ወር ከዚህ የተሻለ የሚያሳልፍበት መንገድ አላውቅም። ዱኦሊንጎ የተባለው የስልክ መተግበሪያ በበኩሉ ከአማርኛ ተነሥቶ ፈረንሳይኛ አያስተምርም፤ በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ በኩል መሄድ ይጠይቃል። ዓረብኛ በደንብ ለለመዱ፣ በዓረብ አገራት ለሠሩ ወገኖቻችን ይህ መልካም መግቢያ ሊሆን ይችላል። ቃላት ለማስታወስ ይጠቅማል፤ መናገር ግን አያስተምርም። ማስታወቂያ ለማስቀረት ሲባል የሚከፈለው የደንበኝነት ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ለብዙዎች ያስቸግራል፤ ባይከፈልም የሚቀር ትምህርት የለም።

ከኤ2 በላይ ለደረሰ ሰው ደግሞ ራዲዮ ፍራንስ ኢንተርናሲዮናል በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያቀርበው የ10 ደቂቃ የዜና ዝግጅት አለ። ከሌሎች የሚለየው የሚነበበው ዜና በጽሑፍም አብሮ መውጣቱ ነው፤ ይህም ያለ አስተማሪ ራስን ለማረም ያስችላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከዜናው አንድ ደቂቃ ብቻ ይመረጣል። መጀመሪያ ጽሑፉን ሳያዩ ሦስት ጊዜ ይደመጣል። ከዚያ በየዓረፍተ ነገሩ እያቆሙ የሰሙትን በደብተር መጻፍ ነው። በመጨረሻ ከወጣው ጽሑፍ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን በቀይ ማስመር ይገባል። የተሰመረበትን የሚመረምር ሰው ችግሩ ቃሉን አለማወቅ ነው ወይስ የሚያውቀውን ቃል በጆሮው መለየት አለመቻል የሚለውን ወዲያው ያያል። ፈረንሳይኛ ላይ ይህ ልምምድ በተለይ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም «ይናገራል» እና «ይናገራሉ» በጽሑፍ የተለያየ መድረሻ እያላቸው በአፍ ግን ሁለቱም «ኢል ፓርል» ተብለው ይነገራሉ። ብዙ ቁጥር መሆኑን የሚነግረን በዙሪያው ያለው ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን በደብተሩ ላይ በተደጋጋሚ የተሳሳተ ተማሪ በመጽሐፍ ካነበበው ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል።

እንግዲህ ነፃው መንገድ በማዳመጥና በማንበብ እስከ ቢ1 ድረስ ሊያደርስ ይችላል። በመናገርና በመጻፍ ግን ከኤ2 በላይ ብዙ አያራምድም፤ ምክንያቱም ተማሪው የሚደጋግመውን ስሕተት ራሱ አይሰማውም።

ክፍል ገብቶ መማር

በፒያሳ ለትውልዶች የታወቀው አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ተቋም ነው። ትምህርቱ በደረጃና በዙር የተከፋፈለ ነው፤ መምህራኑ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ናቸው፤ ለፈረንሳይ መንግሥት የቋንቋ ምስክር ወረቀት፣ ለዴልፍ፣ የሚቀመጡትም እዚያው ነው። ከትምህርቱ ሌላ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የፊልምና የሙዚቃ ዝግጅቶቹ ተማሪውን ቋንቋው ከሚነገርበት አካባቢ ያስገቡታል፤ ስለ አሊያንስ ሲወራ ይህ ጥቅም አብዛኛውን ጊዜ ይዘነጋል። አንድ ዙር ብቻ መክፈል የቻለ ሰው በዚያ ዙር ከክፍሉ ውጪ ያለውን ሁሉ ቢጠቀምበት ክፍያው እጥፍ ይመለስለታል።

የክፍል ትምህርት ትልቁ ዋጋ ሥርዓቱ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ክፍል ያለበት ሰው ቢደክመውም ይሄዳል፤ ቤቱ ሆኖ በስልኩ የሚማር ግን በቀላሉ ያቋርጣል። ብቻውን ማጥናት ደጋግሞ ሞክሮ ላልሆነለት ሰው ክፍል ውድ ቢመስልም ከሁሉ ርካሹ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ዓመት ተንጠባጥቦ ኤ1 ላይ መቅረት ከማንኛውም ክፍያ ይበልጣልና።

በሌላ በኩል ክፍል ለመናገር ልምምድ የሚሰጠው ጊዜ አነስተኛ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት ማሳያ የተወሰዱ እንጂ የማንም ተቋም ዋጋ አይደሉም። የ50 ሰዓት ዙር 8,000 ብር ቢያስከፍል፣ መጽሐፉ 1,500፣ የ25 ቀን ትራንስፖርት ደግሞ 1,000 ብር ቢሆን ጠቅላላ ወጪው 10,500 ብር ይሆናል፤ ለአንድ ሰዓት 210 ብር ማለት ነው። በክፍሉ 15 ተማሪዎች ቢኖሩና መምህሩ ከዕለቱ ሁለት ሰዓት ግማሹን ቢናገር፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚደርሰው 4 ደቂቃ ነው። በ25 ቀን 100 ደቂቃ ይሆናል፤ ስለዚህ አንዷ የመናገሪያ ደቂቃ 105 ብር ወጣባት። ይህ ስሌት ክፍልን ለማጣጣል አይደለም፤ ለሥርዓቱ፣ ለጽሑፍ እርማቱና ለፈተና ዝግጅቱ መክፈል ተገቢ ነው፤ አፍ ለማፍታታት ብቻ ከሆነ ግን የተሻለ መንገድ አለ።

ሰፈር ውስጥ ያሉ አነስተኛ የቋንቋ ማስተማሪያዎችን በተመለከተ፣ ከመክፈል በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ገብቶ ለመታዘብ መጠየቅ ይገባል። መምህሩ በአማርኛ እያብራራ ተማሪዎቹ ሰሌዳውን ሲገለብጡ የሚያልቅ ትምህርት ከሆነ ተማሪው የሚገዛው በነፃ የሚገኘውን ማብራሪያ ነው። መታዘብ የሚከለክል ቦታ ላይም ገንዘብ ባይወጣ ይመረጣል።

አስጠኚ መቅጠር

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፈረንሳይኛን በዲግሪ ደረጃ ሲያስተምር ኖሯል፤ ከዚያ የወጡ ተመራቂዎች፣ በጡረታ ላይ ያሉ መምህራን እንዲሁም ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ የአፍሪካ አገሮች መጥተው ከተማችን የሚኖሩ ሰዎች ማስጠናቱን ይሠሩታል። ከላይ በወሰድነው ዓይነት ስሌት፣ አስጠኚው በሰዓት 450 ብር ቢጠይቅና ሦስት ጓደኛሞች ቢካፈሉት ለአንዱ 150 ብር ይደርሰዋል። አስጠኚው 20 ደቂቃ ቢናገር ቀሪው 40 ደቂቃ ለሦስት ሲከፈል ለእያንዳንዱ 13 ደቂቃ ያህል ይሆናል፤ የአንዷ ደቂቃ ዋጋ ወደ 11 ብር ገደማ ወረደ። ሦስት ሰው ልክ ነው፤ አምስት ሲሆን እንደገና ክፍል ይሆናል።

አስጠኚን ለመመዘን የመጀመሪያው ሰዓት ይበቃል። ተማሪው አንድ አንቀጽ ጽፎ ይዞ ይሂድ። አስጠኚው አንቀጹን ተቀብሎ እያንዳንዱን ስሕተት ምልክት ካደረገበትና ተማሪው ራሱ እንዲያስተካክል ዕድል ከሰጠው ይህ ሰው ሥራውን ያውቃል። «ጎበዝ፣ ጥሩ ነው» ብሎ ከመለሰው፣ ወይም ሰዓቱን ሙሉ ስለ ግስ እርባታ ንግግር ካደረገ፣ ሌላ መፈለግ ነው። ቋንቋው የአፍ መፍቻው መሆኑ ብቻውን ማስተማር ያስችለዋል ማለት አይደለም።

የአስጠኚ ጥቅም ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ገና በጅምሩ፣ አጠራር ሲያዝ ነው። አማርኛ ተናጋሪ በብዙ ነገር የታደለ ነው። ግስን በስድስት መደብ ማርባት፣ ወንዴና ሴቴን መለየት፣ ታላቅን በአክብሮት ማነጋገር ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ፈረንሳይኛ የሚጠቀምባቸውን «ዠ» እና «ኝ»ንም በፊደላችን እንጽፋቸዋለን። የምንሰናከለው በአናባቢዎቹ ላይ ነው። ፈረንሳይኛ «ኡ» የሚመስሉ ሁለት የተለያዩ ድምፆች አሉት፤ አንደኛው የእኛው «ኡ» ነው፣ ሁለተኛው ከንፈርን ለ«ኡ» አሹሎ ምላስን ለ«ኢ» በማስቀመጥ የሚወጣ ነው። «ከላይ» እና «ከታች» የሚሉት ሁለት ቃላት የሚለያዩት በዚህች ድምፅ ብቻ ነው፤ በእኛ ፊደል ብንጽፋቸው ሁለቱም «ደሱ» ይሆናሉ። እንዲሁም በአፍንጫ የሚወጡትን አናባቢዎች ብዙዎቻችን በሙሉ «ን» እንዘጋቸዋለን፤ ምላስ ላንቃን ነክታ «ቦን» ስንል ለወንድ የታሰበው «ጥሩ» የሚለው ቅጽል ለሰሚው ሴቴ ሆኖ ይደርሰዋል። መተግበሪያዎች እንዲህ ያለውን ስሕተት ብዙ ጊዜ ያሳልፉታል። ጎበዝ አስጠኚ ግን በአራት ወይም በአምስት ክፍለ ጊዜ መሠረቱን ያስተካክለዋል፤ ፈረንሳይኛን በፊደላችን እየጻፉ መያዝም ከመጀመሪያው ቀን እንዲቀር ያደርጋል።

የጥናት ቡድን

የጥናት ቡድን ለመናገር ድፍረት ይሰጣል፤ ተማሪውንም ከማቋረጥ ይጠብቀዋል። ነገር ግን እኩል ደረጃ ላይ ያሉ ጀማሪዎች እርስ በርሳቸው ስሕተት ይወራረሳሉ። ስለዚህ ቡድን ከአስጠኚ ጋር ሲጣመር እንጂ ብቻውን ሲቆም አልመክረውም። በሳምንት ሁለት ቀን ቡድኑ ለብቻው፣ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ከአስጠኚው ጋር ቢገናኝ ወጪው ለአብዛኛው ሠራተኛ የሚቻል ይሆናል።

በጀቱን እንዴት ማከፋፈል እንደሚሻል

ምንም ገንዘብ የሌለው ሰው የድምፅ ትምህርቱን፣ የቲቪ5 ሞንድን መልመጃና በኋላ የዜናውን የጽሕፈት ልምምድ ይዞ በቀን አንድ ሰዓት ይሥራ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ወይም ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ የሚገኝ የቆየ የሰዋስው መጽሐፍ ይበቃዋል፤ የፈረንሳይኛ ሰዋስው በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል አልተለወጠም፣ አዲስ እትም ግዴታ አይደለም።

በወር ጥቂት መቶ ብር መቆጠብ የሚችል ሰው ገንዘቡን በየወሩ ለአንድም ለሌላም ነገር ከሚበታትነው አጠራቅሞ በሁለት ቦታ ቢያወጣው ይሻላል እላለሁ፦ በመጀመሪያው ወር ለአጠራር፣ ከዚያም ኤ2 ሲደርስ ለጽሑፍና ለንግግር እርማት። በመካከል ያሉት ወራት የነፃ ጥናት ናቸው።

አንድ ወይም ሁለት የክፍል ዙር መክፈል የሚችል ሰው ደግሞ ገንዘቡን በኤ1 ላይ እንዳያወጣ በብርቱ እመክራለሁ። ኤ1 በነፃ በሚገባ የተሸፈነ ደረጃ ነው። በራሱ አጥንቶ የምደባ ፈተና ወስዶ ከፍ ካለው ደረጃ ቢገባ፣ የከፈለው ገንዘብ ድርሰት በሚታረምበትና ክርክር በሚካሄድበት ደረጃ ላይ ይውላል። ከዚህ የማወጣው ከላይ እንደተባለው ያለ ክፍል ሥርዓት መጽናት የማይችለውን ሰው ብቻ ነው።

ከአገር ውጪ ለሚኖሩ

ካናዳ ያሉ ወገኖች ከመክፈላቸው በፊት የሚገባቸውን ይጠይቁ። ቋሚ ነዋሪዎችና የስደተኝነት ጥበቃ ያገኙ ሰዎች በፌዴራል መንግሥቱ ወጪ የሚሰጥ ነፃ የቋንቋ ትምህርት አላቸው፤ የኩቤክ ግዛትም ፍራንሲዛሲዮን ኩቤክ በተባለው መሥሪያ ቤቷ በኩል ለነዋሪዎቿ በአካልና በኢንተርኔት ነፃ ትምህርት ታቀርባለች። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለአባሎቻቸው የሚከፈልባቸውን የቋንቋ መተግበሪያዎች በነፃ ይከፍታሉ፤ የቤተ መጻሕፍት ካርድ ማውጣት ብቻ ይበቃል።

የፈተናው ወጪ

ብዙ ተማሪ በጀት ሲያወጣ ፈተናውን ይረሳዋል። እንደ ዓላማው የፈተናው ዓይነት ይለያል። ዴልፍ አንዴ ከተገኘ ጊዜ አያልፍበትም፤ ለሥራና ለትምህርት ማመልከቻ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ለካናዳ የፌዴራል የስደት ማመልከቻ ግን ዴልፍ አያገለግልም፤ ቲኢኤፍ ካናዳ ወይም ቲሲኤፍ ካናዳ ከተባሉት ፈተናዎች አንዱን መውሰድ ያስፈልጋል፣ ውጤታቸውም ለሁለት ዓመት ብቻ ይጸናል። ስለዚህ ለካናዳ የሚዘጋጅ ሰው ሌላው ሰነድ ሳይሟላ ቀድሞ ቢፈተን ክፍያውን ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል።

ዴልፍን ደረጃ በደረጃ፣ ከኤ1 ጀምሮ እያንዳንዱን መፈተን አያስፈልግም፤ ለቢ2 የተዘጋጀ ሰው በቀጥታ ለቢ2 መቀመጥ ይችላል። እያንዳንዱ ክህሎት ከ25 ይታረማል፤ ለማለፍ ከ100 ቢያንስ 50 ማምጣት፣ ከአራቱም በአንዱ ከ5 በታች አለመውረድ ይገባል። የናሙና ፈተናዎች ፈተናውን ከሚያዘጋጀው ከፍራንስ ኤዱካሲዮን ኢንተርናሲዮናል ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳሉ። ከምዝገባ በፊት ሁለት ናሙና ፈተናዎችን ሰዓት ይዞ መሥራት፣ የቢ2ውን የ250 ቃል ጽሑፍም በአንድ ሰዓት ጨርሶ ለአስጠኚው ማሳረም ተገቢ ነው። ማዳመጥና ማንበቡ ጥሩ ሆኖ ጽሑፉ ከ10 በታች ከመጣ፣ ያ ዙር ይለፍና ለምዝገባ የተያዘው ገንዘብ ሳይነካ፣ ቀጣዩ ወር ለጽሑፍ እርማት ብቻ ይዋል።